ቁጥር አርባና ቁጥር አርባ አንድ

መልእክተኛው ፖሊስ ደመቀን ያገኘው በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ፣ ቆሞ ጆንያ ሲሰፋ ነው። ሌሎቹ ሰፊዎች ክምሩ ላይ ተደላድለው ይሰፋሉ፤ እሱ ግን መቀመጥ ከተወ ሰባት ወር ሆኖታል። ለጠየቀው ሁሉ «ወገቤን ነው» ይላል። ወገቡስ ደኅና ነበር።

«ሙላዚም አደም ይጠራሃል» አለ ፖሊሱ። «የካምፑ ድሬሰር ካሣ ተገድሏል። ገዳዩም ተይዟል።»

«ገዳዩ ከተያዘ እኔ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«እሱን ሹሙን ጠይቅ። እኔ አምጣው ተባልኩ፣ መጣሁ።»

ደመቀ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተከተለው። የካሣን ስም ሲሰማ ደንግጦ ነበር፤ ፖሊሱ ግን አላየበትም። ፊቱን መደበቅ የድሮ ሥራው ነው። ጎንደር ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት በፖሊስ ምርመራ ክፍል ሠርቷል፤ መቶ አለቃ ነበረ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ካድሬዎቹ አስቀድመው ለረሸኑት ሰው የምርመራ ቃል ጽፎ እንዲፈርም አዘዙት። «ሙት አልመረምርም» አለና በሳምንቱ በመተማ በኩል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ ጆንያ ሰፊ አድርጋዋለች፤ ፖሊሶቿም የሚያስታውሱት ሐበሻና ሐበሻ ሲጋደል ብቻ ነው።

ያስደነገጠው ግን ግድያው ብቻ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት፣ ደሙ አልቆም ሲለው፣ ምስጢሩን በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነግሯል፤ ለካሣ። ካሣ አልሳቀበትም። መረመረው፣ ከሥጋው ቅንጣት ቆርጦ ጠርሙስ ውስጥ ከተተና «ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ የፊንጢጣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ካርቱም ይነግረናል» አለው። መልሱ የሚመጣው ነገ ነው፤ ከካርቱም ሐኪሟን ይዞ በሚመጣው ሎሪ። ሎሪው ሕመምተኞቹን ጭኖ እንደተመለሰ ዝናብ ይገባል፤ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መንገዱን አራት ወር ይዘጋዋል። ነገ ያልተሳፈረ እስከ ጥቅምት ይጠብቃል፤ ሕመሙ ግን አይጠብቅም። ደመቀ ቀኑን ሲቆጥር ነው የከረመው።

የስደተኞቹ ካምፕ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ክሊኒክ የሚባለው አንድ የጭቃ ክፍልና ከፊቱ ያለው የሣር ዳስ፣ በአገሩ አጠራር ራኩባ ነው። ካሣ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ራሱ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ክኒን የሚደቅበት የብረት ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል። በቀኝ እጁ ቀይ እስክሪብቶ ጨብጧል፤ ክዳኑ አልተከፈተም።

ውጭ ከኒሙ ዛፍ ጋር ባለመድኃኒቱ ወልደ ማርያም ታስሯል። ጀርባው ላይ ያለው ቀሚስ በጅራፍ ተተልትሏል።

«እሱ ነው» አለ ሙላዚም አደም። አደም የጣቢያው ሹም ነው፤ ጋላባት ከሐበሻ ልጆች ጋር ስላደገ አማርኛው ከዐረብኛው ይቀድማል። «ባለፈው ገበያ፣ ሰው ፊት፣ ‹ያንን መዝገብህን ካልቀደድክ አንተን እቀድሃለሁ› ብሎታል። ሃምሳ ሰው ሰምቷል። ኸላስ፣ አለቀ።»

«አመነ?»

«ገና ነው። ያምናል።»

«እንዲህ ከገረፋችሁትማ እኔንም ገድያለሁ ይላል፤ ቆሜ እያየሁት።»

አደም ሳቀ። ደመቀ ግን ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ነበር። ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ነበሩ። አንዱ ተጠጥቶ ስኳሩ ብቻ ከታች ቀርቷል፤ ሌላው እስከ አፉ እንደሞላ ቀዝቅዟል፤ ጉንዳን ገብቶበታል።

ክሊኒኩን የምታጸዳውና ሬሳውን ያገኘችው ሣህሊቱ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

«መቼ ነው የተለየሽው?»

«በስድስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲጋደም። እሱ ሻይ ጥዶ ነበር። በዘጠኝ ስመለስ እንዲህ ሁኖ አገኘሁት።»

«ለማን ጣደ?»

«ለመጣው ነዋ። እንግዳ ሲያይ ትጠጣለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ቀድቶ ነው የሚያስቀምጥ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው። ካሣ አይጾምም ነበር?»

«እሱ? በሽተኛ የሚያይ ሰው ሆዱ ባዶ አይሆንም ይላል። ቄሱ ሰኞ ዕለት ዶካ ለቀብር ከመሄዳቸው በፊት እንኳ በዚሁ ተቆጥተውታል።» የምትናገረው ካሣ በሕይወት እንዳለ ነበር፤ ራሷም ሰምታው አለቀሰች።

መዝገቡ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ቅጠል ተቀድዷል፤ ስፌቱ ላይ የወረቀቱ ጥርስ ቀርቷል።

«ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው?» አለ አደም።

ሣህሊቱ መለሰችለት። «ከመተማ እስከ ከሰላ በዚያ በመቀመጫ በሽታ የመጣውን ሁሉ ስምንት ዓመት የጻፈበት ነው። ሰው እያፈረ ስለሚደበቅ፣ ካርቱም ያሉት ሹሞች እንዲህ ያለ በሽታ እናንተ ዘንድ የለም ይሉታል። ኑና እዩ ሊላቸው ነው የቆጠረው።»

ደመቀ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ካሣ በዓመት በዓመቱ አስፍሮታል። በስልሳ ስምንት ሁለት ሰው፤ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት። ዘንድሮ፣ በሰባ አምስት፣ ዐሥራ አንድ፤ ሴት ሰባት፣ ወንድ አራት። ከሥሩ «በሽታው በዛ ወይስ ሰዉ በዛ?» ብሎ ራሱን ጠይቆ ራሱ መልሷል፦ «ስደተኛው በእጥፍ ጨመረ። በሽተኛው ከአምስት እጥፍ በላይ።» ቀጥሎ ዘንድሮ ከመግባቱ በፊት የተመዘገቡትን ሠላሳ ሰዎች በሦስት መስመር ለይቷቸዋል። የወልደ ማርያም መድኃኒት ብቻ የነካቸው ዐሥራ ሁለት፤ ዓመት ያለፈው የለም። ካርቱም ተቆርጠው በሆዳቸው በኩል መውጫ የተሠራላቸው ስምንት፤ ያሉት ሦስት። ጨረርና መድኃኒት አንድ ላይ ያገኙ ዐሥር፤ ያሉት ሰባት።

ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው። ከሰባቱ መሆን ፈለገ። ፍላጎቱ ድንገት በረታበት፤ የካሣ ሬሳ እግሩ ሥር ሆኖ ይህን ማሰቡ አሳፈረው።

«ስሞቹ እንግዳ ሆኑብኝ» አለ አደም ትከሻው ላይ ጎንበስ ብሎ። «ወለተ ኪዳን፣ ገብረ አምላክ። እንዲህ የሚባል ሰው ካምፑ ውስጥ አላውቅም።»

«የክርስትና ስም ነው» አለ ደመቀ። «ቄስ በጥምቀት ያወጣው፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚጠራ። ጎረቤት አያውቀውም። ለእስላሞቹ ደግሞ የእናታቸውን ስም ጽፏል። መዝገቡ ሰው እጅ ቢገባ ማንም እንዳይዋረድ ብሎ ነው።»

«ካርቱምስ በምን ያውቃቸዋል?»

«ካርቱም የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው» አለች ሣህሊቱ። «ጠርሙሱ ላይ ቁጥር፣ መልሱ ላይ ቁጥር። የማን እንደሆነ ያለው እዚህ መዝገብ ላይ ነው። ካርቱም ‹አይደለም› ካለ ስሙን በቀይ ይሰርዘዋል። ቀዩን ለሌላ አይነካውም።»

ደመቀ የቀሩትን የዘንድሮ መስመሮች በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ዘጠኝ ሰው። ሴት ስድስት፣ ወንድ ሦስት። የፊተኛው ገጽ ሰባትና አራት ይላል። የተቀደደው ቅጠል ላይ እንግዲህ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ፤ ቁጥር አርባና ቁጥር አርባ አንድ። ወንዱን ያውቀዋል፤ ራሱ ነው። ስሙን ያስመዘገበ ቀን ከመሬት ቀና ብሎ ስላላየ ቁጥሩን ግን አያውቀውም ነበር።

መዝገቡን ዘጋው። «በሉ ባለመድኃኒቱን ፍቱልኝና ላናግረው» አለ።

ወልደ ማርያም ውሃ እንደሰጡት አፉ ተከፈተ። «አያ ደመቀ፣ በመድኃኔ ዓለም! እኔ መዝገቡን ጠልቻለሁ፤ አልዋሽም። ይገድላል ብሎ ጽፎብኛል አሉ። ባገኘው ግን ሙሉውን እሳት እሰደው ነበር። አንድ ቅጠል ቀድጄ ምን ላደርግ? የትኛው መስመር እንደሚሰድበኝ እንኳ አላውቅ። ፊደል አልቆጠርኩ።»

«ዐሥራ ሁለት ሰው ነው የሚለው።»

«ኪንታሮት መስሎኝ ነው የማቃጥላቸው።»

«ሲሞቱስ ምን መሰለህ?»

ባለመድኃኒቱ ትንሽ አሰበ። «ቀናቸው የደረሰ» አለ።

ደመቀ እዚያው ቢያስገርፈው ደስ ባለው። ግን ሰውየው እውነቱን ነበር።

ከመንገዱ ማዶ በድሩ ሱቁን ከፍቷል። በድሩ የጎንደር እስላም ነው፤ ከጨው እስከ ኪንታሮት ቅባት ይሸጣል። ካሣ ቅባቱን አትግዙ እያለ ሰው ይመልስበት ስለነበር በቀደም ዕለት ተጯጩኸዋል።

«ተጣልተን ነበር፤ ዋላሂ አልክድም» አለ በድሩ ሳይጠየቅ። «ማታውኑ ግን ሻይ ጠጣን። እሱ ጋ ተቀድቶልኝ እስኪበርድ የተውኩበት ቀን የለም። ዛሬ በቀትር ተኝቼ ነበር፤ ሚስቴን ሰዓዲያን ጠይቃት።»

ደመቀ ስኳር እንዲመዝንለት አዘዘ። በድሩ ለመጠቅለያ ከአሮጌ ጋዜጣ ክምር አንድ ገጽ አነሣ፤ ፊትና ጀርባውን አገላብጦ አየ፤ መልሶ ሌላ አነሣ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«የአምላክ ስም እንዳይኖርበት ነዋ! ባለፈው ለአያ ታከለ ሚስት በርበሬ የጠቀለልኩበት ላይ ‹ሥላሴ› የሚል ተጽፎ ኑሯል። እኔ ምን አውቃለሁ? ሰውየው በርበሬውን መሬት ደፍቶ፣ ወረቀቱን ስሞ፣ እንባ እየተናነቀው መጣብኝ። ይህ አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ አለኝ። አጥፎ ዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ አንብቤ ነው የምጠቀልል።»

ደመቀ ስኳሩን ይዞ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ታከለ ቤት ሄደ።

ታከለ የካምፑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። በልጅነቱ ለድቁና ተምሯል፤ ዳዊቱ በቆዳ ማኅደር ከትከሻው አይወርድም። ደመቀን በክብር ተቀብሎ አልጋ ላይ አስቀመጠው፤ ደመቀም ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። የታከለ ሚስት በላይነሽ ውሃ አቀረበችና ጥግ ላይ እንደ እንስራ ማስቀመጫ ማቶት ክብ ሆኖ በተጠቀለለ ጨርቅ ላይ በአንድ ወገኗ ዘንበል ብላ ተቀመጠች። ደመቀ ያን አቀማመጥ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ቤቱ ያለው የራሱ ጨርቅ እንዲሁ ነው የተጠቀለለው።

«ካሣ ወንድሜ ነበር» አለ ታከለ። «እግዜር ነፍሱን ይማር። በቀትር እዚሁ ዳዊቴን ስደግም ነበር።»

«እትዬ በላይነሽ፣ ካሣን ታውቂው ነበር?»

እሷ አፏን ሳትከፍት ታከለ ቀደማት። «የት ታውቀዋለች? እሷ ታማ አታውቅ፣ ክሊኒክ ደርሳ አታውቅ!»

በላይነሽ ወለሉን አየች። ደመቀ አመስግኖ ወጣ። ነገሩ ተገልጦለት ነበር፤ ሰውየውን ለመያዝ ግን ሴትዮዋን ማዋረድ ሊኖርበት ነው። ራሱንም ጭምር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሎሪው ደረሰ። በኢትዮጵያ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቶሎ በሉ ይላል። አደም ሁሉንም ራኩባው ሥር ሰብስቧቸዋል፤ ወልደ ማርያም እጁ እንደታሰረ፣ በድሩ፣ ሣህሊቱ፣ ታከለና በላይነሽ። ከአጥሩ ውጭ ግማሹ ካምፕ ተደርድሯል፤ ጀሪካን የያዙ ሴቶች እንኳ የውሃውን ሰልፍ ትተው መጥተዋል።

ሐኪሟ ዶክተር ራሒማ ሁለት ወረቀት ከፖስታ አወጣች። በዐረብኛ ትናገራለች፤ አደም ይተረጉማል።

«እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ድረስ ያሉትን አውቃቸዋለሁ። ዛሬ መልስ የመጣላቸው ሁለት ናቸው። ቁጥር አርባ፣ ካንሰር አይደለም። ቁጥር አርባ አንድ፣ ካንሰር ነው፤ ገና ስላልተዛመተ በጨረር ይታከማል። አንድ ቦታ ይዣለሁ። ማን ነው እሱ?»

ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀቶች ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ስሙን ካልነገራችሁኝ ማንን ልጫን? እንደገና ብቆርጥ መልሱ ክረምት ውስጥ ነው የሚደርስ።»

«አሁን ይነገርዎታል» አለ ደመቀ። «ገዳዩ እንግዳ ሆኖ ነው የገባ። ካሣ ሻይ ቀዳለት፤ እንግዳው ግን አልቀመሰም። ረቡዕ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፉ የማይፈታ ሰው ነው። በድሩ ቢሆን ይጠጣው ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ በድሩ።

«መዝገቡ ሙሉውን አልተወሰደም። አንድ ቅጠል ብቻ ተመርጦ ተቀደደ። የመረጠው ሰው ያነባል። ወልደ ማርያም አያነብም፤ የሚጠላውም መዝገቡን ሁሉ ነው። ሣህሊቱ በየቀኑ መዝገቡ በእጇ ነው፤ ገጽ ለመቅደድ ሰው መግደል አያሻትም።»

«ታማም፣ ጥሩ» አለ አደም። «ከዚያስ?»

«ቅጠሉ ላይ ሁለት ስም ነበረ። የካሣ ድምር ነው የነገረኝ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ጎድለዋል። ስሞቹ የክርስትና ስም ናቸው። መርጦ ለመቅደድ ያንን ስም ማወቅ ይፈልጋል። የሰው የክርስትና ስም ማን ያውቃል? የነፍስ አባቱና የትዳር ጓደኛው። ቄሱ ከሰኞ ጀምሮ ዶካ ናቸው።»

«ቆይ፣ አንተ ደመቀ» አለ አደም። «ገዳዩ ያ ወንድ ራሱ ቢሆንስ? የራሱን ስም ሊያጠፋ።»

ደመቀ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ሌሊቱንም ሲፈራው አድሯል። «አይደለም» አለ። «ወንዱ እኔ ነኝ። ትናንት በቀትር ገበያ ውስጥ አርባ ሰው ፊት ጆንያ እሰፋ ነበር።»

ከአጥሩ ውጭ አንዱ ሳቀ። ሌላው «ወገቤን ነው ይል አልነበር?» አለ፤ ሳቁ በመስመሩ ሁሉ ተዳረሰ። ደመቀ እስኪያልቅ ጠበቀ። ፊቱ እሳት ሆኖ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር ግን አልነበረውም።

«ሴትዮዋ ቀርታለች» አለ። ይህን ሲል ክፉ ሥራ እየሠራ እንደነበረ ያውቃል። ለካሣ ደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር፤ ግን ቁጥሩንም ማወቅ ፈልጓል። «አያ ታከለ፣ ትናንት እትዬ በላይነሽን ካሣን ታውቂው ነበር ወይ አልኳት። እርስዎ ‹ታማ አታውቅ› አሉኝ። ታማለች ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።»

«ምን ማለትህ ነው አንተ?»

«ማስረጃውም አልተቃጠለም። የክርስትና ስም የአምላክ ወይም የቅዱስ ስም አይለየውም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ግን ያቃጥለው ነበር። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ስም ያለበትን ወረቀት አያቃጥሉም፤ በርበሬ የተጠቀለለበትን እንኳ አላቃጠሉም። ሰው ገደሉ፤ ወረቀቱን ግን ስመው አስቀመጡት። ዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ነው።»

አደም እጁን ወደ ማኅደሩ ሰነዘረ። «እንዳትነካው!» ብሎ ታከለ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈው።

ያኔ በላይነሽ ተነሣች። ማንንም ሳታይ ወደ ባልዋ ሄዳ እጆቹን አንድ በአንድ ከማኅደሩ ላይ አነሣችለት፤ እሱም አልታገላትም። የታጠፈውን ቅጠል አውጥታ ለደመቀ ሰጠችው።

ደመቀ ከፈተው። የካሣ ጽሕፈት ነው፤ ትንንሽ፣ ቀጥ ያለ። ድምፁን አውጥቶ አነበበ። «ቁጥር አርባ፣ አመተ ሥላሴ።» ቀጥሎ ያለውን መስመር ከማንበቡ በፊት ትንፋሽ ወሰደ። «ቁጥር አርባ አንድ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። እሱ እኔ ነኝ።»

በራኩባው ሥር ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለሣህሊቱ ነው። «እትዬ በላይነሽ የለባትም!» አለች። «ኪንታሮት ነው! የለባትም እኮ!»

ታከለ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሰርዝልኝ አልኩት» አለ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው። «ሰው ቢሰማ ሚስቱን ምን ቢያደርጋት ነው ይለኛል፤ ከሽማግሌነት፣ ከቤተ ክርስቲያን ያስወጡኛል፣ ሰርዝልኝ አልኩት። እሺ አለኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ሊያነሣ ዞረ። ‹ከወረቀቱ እሰርዘዋለሁ፤ ከራሴ ግን አልሰርዘውም፤ ሳላሳክማት አልቀርም› አለኝ።»

«እሺ ካለህ ለምን መታኸው?» አለ አደም።

«ከራሴ አልሰርዘውም አለኛ!»

ፖሊሶቹ ታከለን አንሥተው እጁን ሲያስሩት በላይነሽ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ታከለ» አለችው። «ያን ስሜን እዚህ የሚያውቀው አንተ፣ ቄሱና ካሣ ነበራችሁ። አሁን ካምፑ ሁሉ ያውቀዋል። ጤነኛ ነኝ አሉኝ፤ ማን ያምነኛል?»

ዳዊቱን መልሳ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለትና ወደ ቤቷ አቀናች። በአጥሩ በር ላይ የነበሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት። አንዷ ጀሪካኗን ወደ ራሷ ጎተተች፤ የበላይነሽ ቀሚስ እንዳይነካባት ነው። ያልነበረባትን በሽታ እስክትሞት ሊሸሹዋት መሆኑን ደመቀ አየ፤ ይህን ያደረገው ታከለ ብቻ አለመሆኑም ገባው።

ወልደ ማርያም እጁ እንደተፈታ አንጓውን እያሻሸ ተጠጋው። «አያ ደመቀ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ከሞት አወጣኸኝ። እንግዲህ ካርቱም ድረስ ከምትንገላታ፣ እኔ አንድ ጊዜ በዚያች መድኃኒት ብነካህ...»

«ሂድ ከፊቴ!» አለው ደመቀ። ሣህሊቱ እያለቀሰች ሳቀች።

ቅጠሉን በሙጫ መልሳ መዝገቡ ላይ ለጠፈችው። ቀዩን እስክሪብቶ ከፍታ ቁጥር አርባን ሰረዘች፤ በፊተኛው ገጽም ዐሥራ አንዱን ዐሥር፣ ሰባቱን ሴት ስድስት አደረገች። ከዚያ መዝገቡን ለሐኪሟ ልትሰጥ ስትል ደመቀ ተቀበላትና ከኃይለ ጊዮርጊስ ጎን በራሱ እጅ «ደመቀ» ብሎ ጻፈ።

«ለምን?» አለችው።

«የሚፈልገኝ ሁሉ፣ ሰው ሳይሞት እንዲያገኘኝ።»

ሎሪው ላይ ዘጠኝ ሰዎች በዱራ ማሽላ ጆንያ ላይ ተሳፍረዋል። ቀና ብለው አዩት፤ ሁሉም በአንድ ወገናቸው ዘንበል ብለው ነበር የተቀመጡት። ስማቸውን አልጠየቃቸውም። የመጀመሪያው ነጠብጣብ አቧራው ላይ ሲያርፍ ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ደመቀ ከዳር ቦታ ፈልጎ፣ ሰባት ወር ሙሉ በገበያው ፊት ያላደረገውን፣ ሰው ሁሉ እያየው ተቀመጠ። አመመው፤ አልተነሣም።